ባሌስትራችን የተገመገመበት ሠርግ

መኪና ሳይኖረው ስለ መኪና የማይመክር ሰው ቦንጋ ውስጥ አልተወለደም ብል ወዳጆቼ አይቀየሙኝ። አሮጌ መኪና ይዛችሁ ገበያ ዳር ቁሙና እዩት። ሙዝ ሻጯ ስለ ሞተሩ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስለ ፍሬኑ፣ መንገደኛው ስለ ጎማው ይነግሯችኋል። አዲስ ነገር ባለው ሰው ይቀኑበታል እንጂ አይመክሩትም፤ አሮጌ ያለው ግን የአገሩ ሁሉ ተማሪ ነው።

የእኔ ደግሞ አሮጌ ብቻ አይደለችም። አባታችን ነፍሱን ይማረውና በጃንሆይ ጊዜ የገዛት ላንድሮቨር ናት። ከደካ እስከ ቢታ ገነት ቡናና ኮረሪማ ሲያመላልስባት ኖሮ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለዘነበች ትቶልን ሞተ። የፊት ጎማዎቿን የሚሸከመው ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ባሌስትራ ነው፤ እነዚያ ተደራርበው የታሰሩት ጎበጥ ያሉ ብረቶች። ልስላሴ የሚባል ነገር አታውቅም። ድንጋይ ስትረግጥ ድንጋዩን ከነአባቱ ስም ትነግራችኋለች።

ዘነበች ቢታ ገነት የሚያስተምር ሰው ልታገባ ሆነ፤ ሠርጉም እዚያው ነው። "ጋሼ፣" አለችኝ አንድ ቀን፣ "አባዬ ቢኖር እጄን ይዞ ከቤት ያወጣኝ ነበር። እሱ ከሌለ የእሱ መኪና ታውጣኝ። ሌላ መኪና ውስጥ አልገባም።" በአባቴ መኪና እንደምትሄድ ቃል ገባሁላት።

እንግዲህ ዘመኑን ታስታውሳላችሁ። ጠዋት ግምገማ፣ ከሰዓት የግምገማው ግምገማ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ልማዱ ስለተጣባን ቤታችን ድረስ ይዘነው ገባን። የሠርጉ ኮሚቴ አጀንዳ ቀርጾ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢው የሥራ ባልደረባዬ አቶ ታምራት ነው። በሦስተኛው ስብሰባ አጀንዳ ሁለት የእኔ ባሌስትራ ሆነ። አዎ፣ ባሌስትራ ተገመገመ! ጥንካሬ፦ እስካሁን አልተሰበረም። ድክመት፦ ሙሽራ ያንገላታል፣ ቬሎ ያጨማድዳል፣ ለውጥ አይቀበልም። ይህን የመጨረሻውን ማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ውሳኔው፦ ወይ ባሌስትራው ወጥቶ በዘመናዊ ጥምዝምዝ ሞላ ይተካ፣ ወይ ሙሽራዋ ከጅማ በምትመጣው ነጭ አውቶሞቢል ትሂድ የሚል ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። ባሌስትራውን ላስነቅል ጋሽ ገብሬ ጋራዥ ሄድኩ። ጋሽ ገብሬ ያቺን መኪና ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የሚጠግን ሰው ነው። ሲቆጣ ካፊኖኖና አማርኛ ያደባልቃል፤ እስኪበርድለት ጠብቄ የሰማሁት ይህን ነው።

"ሞላ ለማስገባት ሻንሲውን እቆርጣለሁ። ከቆረጥኩ መመለስ የለም። ሞላው ቢታ መንገድ ላይ ቢሰበር ማን ይሠራልሃል? ይሄን ባሌስትራ እኮ ቀጥቃጭ ሁሉ ይሠራዋል። አባትህ መቼ ለስላሳ ፈለገ? እሱ መድረስ ነው የፈለገ።"

"ኮሚቴው ወስኗል እኮ ጋሽ ገብሬ፣" አልኩ፣ ድምፄ እያነሰ።

"ታዲያ ጭቃው ውስጥ ኮሚቴው ይገፋልሃል?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል። ባሌስትራውን ፈታን፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ ዝገታቸውን ፋቅን፣ ግሪስ ቀባን፣ ማያያዣው ላይ ያለቁትን ላስቲኮች ቀየርንና መልሰን አሰርነው። ለኮሚቴው "ተስተካክሏል" ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። አልዋሸሁም። ነጯም አውቶሞቢል አልቀረችም፤ ሚዜዎቹንና አቶ ታምራትን ይዛ ከፊት እንድትመራ ተወሰነ።

የሠርጉ ቀን ዘነበ። በጥር አይዘንብም የሚሉት ካፋን የማያውቁ ናቸው። ከቦንጋ ርቀን ዳገቱን ስንጀምር ነጯ አውቶሞቢል ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ አለች፤ የፊት ግራ ጎማዋ ወደ ውጭ ተጋድሞ ቀረ። አቶ ታምራት ከነከረባቱ ወርዶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገፋ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

የእኛ ተራ ደረሰ። ዘነበች ክንዴን ያዘች። ማርሹን ቀንሼ እዚያው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ገባሁ፤ ባሌስትራው አንዴ አቃሰተ፣ መኪናዋ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ወጣን! ጮኼ ዘፈንኩ፤ ድምፅ እንደሌለኝ አገር ያውቃል። ሚዜዎቹንና አቶ ታምራትን ከኋላ ጫንን። "ተመቸህ?" አልኩት። "በጣም ምቹ ነው" አለ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን እየነካ።

ቢታ ገነት ስንገባ ከቀትር ጀምሮ ሲጠብቁ የነበሩት እናቶች እልልታውን አቀለጡት። ዘነበች ወረደች። ቬሎዋ በእርግጥ ተጨማዷል። ወደ ሙሽራው ከመሄዷ በፊት ጭቃ የለበሰው ኮፈን ላይ መዳፏን አሳረፈችና "አባዬ አደረሰኝ" አለች። እኔም አለቀስኩ፤ በዝናቡ አሳበብኩ እንጂ።

በሳምንቱ ኮሚቴው የማጠቃለያ ግምገማ ተቀመጠ። አቶ ታምራት የጥንካሬውን ዝርዝር ሲያነብ አንደኛው "ኮሚቴው ነባሩ ባሌስትራ እንዲቆይ በወቅቱ የሰጠው አመራር" የሚል ነበር። ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። ማንም አላወጣም። የሚደግፍ ሲባል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እህቱን ያደረሰ ሰው ክርክር ምን ይሠራለታል?