በእስክሪብቶ ተጽፎ ይቅረብ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ተዉ» ባይ አይጠፋም። መስኮት ሲከፈት «ተዉ»፣ መስኮት ሲዘጋም «ተዉ» ነው። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያወጣው እሱ ነው፤ እጁ ሲወጣ ቤቱ በሙሉ ሰዓቱን ያያል። ይህን ሰው ሁለት ጊዜ እንጠላዋለን፤ አንድ ጊዜ ሲናገር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተናገረው ሲደርስ። የኋለኛው ጥላቻ ይብሳል።

የእኛው «ክቡር እርሳስ» ይባላሉ። «እርሳስ» ያሏቸው ሌሎች ናቸው፤ «ክቡር» የሚለውን የጨመርኩላቸው እኔ የመዝገብ ቤቱ ሹም ነኝ። የምንሠራው አንድ አሮጌ ሙዚየም ውስጥ ሲሆን፣ እሳቸው የጥበቃ ባለሙያ ናቸው። የቅርስ ጥበቃ ማለቴ ነው። እንግዳ ግን «ጥበቃ» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ መኪናውን አደራ ብሏቸው ይገባል። አይከፋቸውም። ፀሐይ ላይ ከቆመ ቀለሙ እንደሚለቅ አስረድተው፣ ጥላ ያለበትን ቦታ ያሳዩታል።

እስክሪብቶ ደመኛቸው ነው። የሥራ ክፍላቸው በር ላይ ቆመው ኪስ ይፈትሻሉ። አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ትልቅ ሰው ከነአጀባቸው ሊገቡ ሲሉ፣ ክቡር እርሳስ ከእንግዳው ደረት ኪስ ወርቃማውን ብዕር መዘዝ አድርገው በምትኩ አንዲት የእርሳስ ቁራጭ ሰኩላቸው። ሥራ አስኪያጃችን ላብ በላብ ሆኑ። ክቡር እርሳስ ግን ረጋ ብለው፣ «ቀለም አንዴ ከፈሰሰ አይመለስም፤ እርሳስ ይጠፋል። ከእኛ የሚሻል ሰው ይመጣል፤ ማረሚያ ቦታ እንተውለት» አሉ።

«ከእኛ የሚሻል ሰው ይመጣል» ከአፋቸው አይጠፋም። የተቀደደ ወረቀት የሚጠግኑበት ሙጫ እንኳ በውሃ የሚላቀቅ ነው፤ የሚሻለው ሰው ሲመጣ እንዳይቸገር። ጸሐፊያችን አንድ የድሮ ካርታ በፕላስተር ስትለጥፍ ሦስት ወር ዘጓት። በሦስተኛው ወር የተናገሯት አንድ ቃል «ላቀቅሁት» የሚል ነበር። የጋብቻ ውላቸውን ሲፈርሙም «በእርሳስ አይሆንም?» ብለው ጠይቀዋል እየተባለ ይወራል። ባለቤታቸውን ጠየቅኋቸው።

«ውሸት ነው» አሉኝ። «መች ጠየቀ? አውጥቶ ሊፈርም ሲል እጁን ያዝኩት እንጂ።»

እኚህ ሰው በዓለም ላይ የሚሳሱለት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የደረቁ ዕፅዋት ክፍል። ከስድሳ ዓመት በፊት ከአንድ ሸለቆ ተለቅመው፣ ደርቀው፣ ወረቀት ላይ የተሰፉ ሦስት ሺህ ተክሎች ናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ስሙ፣ የበቀለበት ቦታና የተለቀመበት ቀን በእርሳስ ተጽፏል። ሸለቆው ዛሬ የድንጋይ መፍጫ ነው። «ጫካው የት ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ ክቡር እርሳስ በጣታቸው ደረጃውን እያሳዩ «ሦስተኛ ፎቅ» ይላሉ።

ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛ ፎቅን ለስብሰባ አዳራሽ ፈለጉት። ዕፅዋቱ ከመሬት በታች ወዳለው ምድር ቤት፣ ከእኔ መዝገብ ቤት ጎን እንዲወርዱ በደብዳቤ አዘዙ። እዚያ ጣሪያው ሥር ዓመቱን ሙሉ ሲያልበው የሚከርም አሮጌ የውሃ ቧንቧ ያልፋል። ክቡር እርሳስ «ይህ ቧንቧ ይፈነዳል» የሚል ማስታወሻ ጻፉ። በእርሳስ ነዋ! እኔም ደንብ አለኝና፣ በቀይ ቀለም «በእስክሪብቶ ተጽፎ ይቅረብ» ብዬ መለስኩላቸው። ይዘውት መጡ።

«ጋሼ፣ በእስክሪብቶ ይገልብጡትና ዛሬውኑ ቁጥር እሰጠዋለሁ።»

«እኔ ክፍል እስክሪብቶ አይገባም።»

«ታዲያ ወጣ ብለው ይጻፉት!»

«ሠላሳ ዓመት ሰው ስከለክል ኖሬ፣ ዛሬ እኔው ልያዝ?»

ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ናቸው አልኩ። የራሴ ድርቅና አልታየኝም። አሥራ ሦስት ጊዜ ጻፉ፣ አሥራ ሦስት ጊዜ መለስኩ። በተመለሰ ቁጥር ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ይሄዳሉ፤ እኔም «ያልተሟሉ» በሚል ፋይል አስገባዋለሁ። ነገሩን ሻይ ክበብ ወስጄ ስንት ሰው አስቄበታለሁ!

ዕፅዋቱ በታዘዘው መሠረት ወረዱ። ቧንቧውም አንድ ቅዳሜ ፈነዳ። ሰኞ ጠዋት ስንከፍት ውሃው ጉልበት ይደርሳል። ክቡር እርሳስ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና አንድ ወረቀት በሁለት እጃቸው አወጡ። ተክሉ ጭቃ ሆኖ ወርዷል። ስሙ ግን ከሥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ እርሳስ ውሃ አይነካውም። ሌላም አወጡ፣ እሱም እንደዚያው፤ ስም አለ፣ ተክል የለም። ውሃው መሐል ቆመው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የእኔም ፋይሎች ርሰው ነበር። ዕፅዋቱ ይውረዱ የሚለው ትእዛዝ በቀለም ብዕር የተፈረመ ነውና፣ ፊርማውም ማህተሙም ሰማያዊ ኩሬ ሆነዋል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የነበረው ቅጂ እንደ አጋጣሚ ሊገኝ አልቻለም። የእኔም ቀይ ጽሑፍ ታጥቦ ሄዷል፤ እኔም መልሼባቸው ነበር ብዬ አልተናገርኩም። ከዚያ ሁሉ ወረቀት የሚነበበው አሥራ ሦስቱ ማስታወሻ ብቻ ነበር፤ ኮሚቴውም በሚነበበው ፈረደ። «ባለሙያው አደጋውን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ተረጋግጧል፤ ሆኖም በደንቡ መሠረት አላሳወቁም።» ጡረታቸው አራት ወር ሲቀረው ተሰናበቱ። ለእኔ ደግሞ ስለ ደንብ አክባሪነቴ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ በእስክሪብቶ።

ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ገልብጬ አስቀመጥኩት። «ይመጣል» የሚሉት የሚሻለው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ያሾፍኩባቸውን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝም ወንበራቸው ባዶ ሲሆን ነው። ዕቃቸውን ሊወስዱ በመጡ ቀን አሥራ ሦስቱን ማስታወሻ አቀረብኩላቸው። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ «ደርሶኛል። የመለስኩት እኔ ነኝ፤ በእርሳስ ስለተጻፈ ብቻ» ብዬ፣ ስሜን አስፍሬ በእርሳስ ፈርሜበታለሁ።

«ለይግባኙ ይሁንዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውርደው አንድ በአንድ አነበቡት።

«ይህ ከሥራ ያስወጣሃል።»

«አውቃለሁ።»

ከኪሳቸው ላጲስ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። «እንኳን በእርሳስ ጻፍከው። ልጆች አሉህ፤ አጥፋውና ልሂድበት፤ አልቀየምህም።»

ላጲሱን አንስቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። አሥራ ሦስት ጊዜ መልሼባቸዋለሁ፤ ይህ አሥራ አራተኛው ነው።