‹ውጣ› የሚለው ቁልፍ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በግ ሲገዛና ሲሸጥ መከራከሩ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነበር። ይህ የጨለማ ዘመን ያበቃው ባለፈው ኅዳር፣ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከእህል ወፍጮው ጎን በተከራየናት ክፍል ውስጥ ነው። እንዲያበቃ ያደረገውም ይርዳው ነው። ይርዳው ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ የታች ጋይንት ልጅ ሲሆን፣ በግ በስልክ የሚሸጥ ኩባንያ መሥርቶ ራሱን ሥራ አስኪያጅ፣ እኔን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አድርጎ ሾመ። ከሁለታችን ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረ ሹመቱ ቅሬታ አላስነሳም።

በመጀመሪያው ስብሰባችን «የጥንቱ የገበያ ትምህርት ለኦንላይን ንግድ ያገለግላል ወይ?» የሚል አጀንዳ ቀረበ። ወፍጮው ስለሚጮህ ውይይቱን አላስረዘምነውም። እንደማያገለግል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«ክርክር ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል» አለ ይርዳው፣ ለእኔ ለብቻዬ ቆሞ እየተናገረ። «በእኛ መተግበሪያ ዋጋ አንድ ነው። ደንበኛው በጉን ያያል፣ ዋጋውን ያያል። ከፈለገ ‹ግዛ› የሚለውን ይጫናል፤ ካልፈለገ ‹ውጣ› የሚለውን። በቃ።»

አጨበጨብኩ። ከልቤ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ በጎች የአክስቱ የእትዬ ፀሐይነሽ ናቸው። እትዬ ፀሐይነሽ ለገና ያደለቧቸውን ሙክቶች አርብ ገበያ ላይወስዱ፣ በእኛ በኩል ብቻ ሊሸጡ ቃል ገቡ። ሙክቶቹ ቶሎ ካልተሸጡ ከዚያ በኋላ የሚቀለቡት ለዘር የተቀመጠውን ገብስ ነው። ይርዳው ይህን «የአጭር ጊዜ ተግዳሮት» ብሎታል።

መተግበሪያው በተከፈተ ማግስት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ተነቃነቁ። ስልክ ያለው ለራሱም፣ ስልክ ለሌለው ጎረቤቱም እየገባ በጎቹን አየ። ፎቶውን እያሰፋ ላታቸውን መረመረ። ከዚያ አንድ ሰው ሳይቀር ‹ውጣ› የሚለውን ተጫነ።

ይርዳው አልደነገጠም። የተማረ ሰው ሲከስር አይደነግጥም፤ ግራፍ ይሠራል። ግራፉ «የደንበኛ ሽሽት» ተባለ፤ ቀይ ነበር፣ ያምራል። ሽሽቱን ለመግታትም እርምጃ ተወሰደ። በፎቶው ላይ ከበጎቹ ጀርባ ፏፏቴ ገባ። ቀጥሎ በጎቹ በፎቶ ማሳመሪያ ነጡ፤ እትዬ ፀሐይነሽ ራሳቸው አይተው «ይሄስ የማን በግ ነው?» አሉ። በመጨረሻም ‹ውጣ› የተጫነን ሰው «መውጣት እንደሚፈልጉ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመናዊ አሠራር ተዘረጋ። ሁሉም «አዎ» የሚለውን ተጫኑ።

«አንተ ልጅ፣ የዘር ገብሴን ጀመሩት እኮ» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ ደውለው።

«ትንሽ ይታገሡ እትዬ። ዳታ እየሰበሰብን ነው።»

«እሱ ለበግ ይሆናል?»

በዚህ ጊዜ የጥናት ቡድን ተቋቋመ፤ ቡድኑ እኔ ነበርኩ። ለጥናቱ ያገኘሁት ከስማዳ ለጉዳይ ንፋስ መውጫ የመጡትን ጋሽ ሙሉነህን ነው። እኚህ ሰው አንዱን ሙክት ከማንም በላይ ደጋግመው ያዩ፣ ከማንም በላይም ደጋግመው የወጡ ናቸው። ቢሮ አስገባኋቸው።

«በጉን ለምን ጠሉት?» አላቸው ይርዳው።

«ማን ጠላው? ልገዛው ነው እንጂ።»

«ጥለውት ወጥተዋል እኮ።»

«አዎ፣ ሄድኩ። ብሄድ ብሄድ አልጠራችሁኝም።»

«ጠይቀንዎታል። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብለናል።»

«አንዴ ነዋ የጠራችሁኝ» አሉ ጋሽ ሙሉነህ፣ ቅር ብሏቸው። «በአንድ ጥሪ ሮጬ ብመለስ ሰው ምን ይለኛል? ይኸው ስልኬን ቻርጅ እያደረግሁ እጠብቃችኋለሁ።»

«ጋሼ፣ ዋጋው አንድ ነው። አይቀንስም።»

«እሱንማ ሁሉም ሻጭ እንዲያ ነው የሚል» ብለው፣ እንደ ልማዳቸው ሳል እያቋረጣቸው፣ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ ገበያ ላይ ገዢ ዋጋ ሰምቶ «አይሆንም» ይልና ይሄዳል። አካሄዱ ቀስ ያለ ነው፤ አህዮች እስከታሰሩበት ድረስ ጆሮውን ኋላ ትቶ ይሄዳል። ሻጭ ደጋግሞ ይጠራዋል፣ ይመለሳል፣ ትንሽ ይቀነስለታል፣ ሁለቱም አሸነፍኩ ብለው ይለያያሉ። ለካ የሦስት ወረዳ ሕዝብ በጎቻችንን ለመግዛት ቆርጦ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ እስኪጠራ እየጠበቀ ኖሯል።

«ኋላ ቀር ልማድ ነው» አለ ይርዳው፣ ጋሽ ሙሉነህ ከወጡ በኋላ። «ሕዝቡ መሠልጠን አለበት።» ለሥልጠናው ገንዘብ ስለሚያስፈልግ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት አመለከትን። ኃላፊዋ ወይዘሪት ሜሮን በቪዲዮ አነጋገሩን። ይርዳው ከላይ ሱፍ ከታች ቁምጣ ለብሶ፣ ሄዶ መመለስ የንግድ ጠላት መሆኑን አስረዳ።

«ሐሳቡ ደስ ይላል። የጠየቃችሁትን ግማሽ እንሰጣለን» አሉ ወይዘሪት ሜሮን።

ግማሹ ራሱ በሕልማችን ያላየነው ስለነበር ላመሰግን አፌን ከፈትኩ።

«አይሆንም» አለ ይርዳው። ፊቱን አዞረ፤ ጣቱን በጣም ቀስ አድርጎ ወሰደና የቪዲዮውን ‹ውጣ› የሚለውን ተጫነ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት።

«ዝም በል። ትጠራናለች።»

ከገና በፊት በነበረችው የመጨረሻዋ አርብ ስልኩ ጮኸ። ይርዳው ዘሎ አነሳው። እትዬ ፀሐይነሽ ናቸው።

«ቃሌን አፍርሻለሁ፣ አርብ ገበያ ነኝ» አሉ። «አንዱ የስማዳ ሰው የመጨረሻውን ሙክት ትቶ እየሄደብኝ ነው፣ ቆየኝ። አንቱ ባለ ጋቢው፣ ኧረ ይምጡ እስቲ።» ደግመው ጠሩ። በሦስተኛው የጋሽ ሙሉነህ ሳል እየቀረበ ሲመጣ በስልኩ ተሰማን። የቀረው የዘር ገብስ በዚያች ሳል ተረፈ፤ ደስ አለኝ።

«ይዝጉልኝ እትዬ» አለ ይርዳው። «ጥሪ እየጠበቅሁ ነው።»

ገና አለፈ። ለጥምቀት ዋዜማ ከእነ ወይዘሪት ሜሮን ድርጅት አንድ መልእክት ገባ፤ «ድጋፉን እንደማይፈልጉ እርግጠኛ ነዎት?» ይላል።

«መልስ፣ ቶሎ መልስ» አልኩት።

ይርዳው አነበበው። ፈገግ አለና «አዎ» የሚለውን ተጫነ።

«አንዴ ነው የጠሩኝ» አለ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ እየሰካ። «ሮጬ ብመለስ ሰው ምን ይለኛል?»