ቻው አልልም ያልኩበት ሰሞን

ሰው አፉን እንደ ቤቱ ደጃፍ አይጠብቅም። ዘበኛ ስለሆንኩ ነው እንዲህ የምለው። በር ያንኳኳውን ሁሉ «ማነህ? ከየት ነህ?» እላለሁ፤ አፌ ውስጥ የሚያድረውን ቃል ግን ከየት እንደመጣ ጠይቄው አላውቅም ነበር። እናንተስ ቻውን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ስልክ ስንዘጋ ቻው ቻው ቻው እያልን እንደረድረዋለን፣ አንዱ የማይበቃ ይመስል።

እዚህ ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር፣ የአንድ ሽማግሌ ጣልያን ግቢ ነው የምጠብቀው። ሰውዬው ሲገባም ቻው፣ ሲወጣም ቻው ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ የሚያሰናብተኝ ይመስለኝ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ሻንጣውን ሲሸክፍ ግን ትርጉሙን ጠየቅኩት። በዚያ በተሰባበረ አረብኛው አስረዳኝ፤ ድሮ በአገሩ፣ ቬኒስ በምትባል ከተማ፣ ሰው ከሰው ሲገናኝም ሲለያይም «ባሪያህ ነኝ» ይባባል ነበር አሉ። ቃሉ በሰው አፍ እያለቀ እያለቀ ሄዶ ቻው ሆነ። ያ ባሪያ የሚለው ቃላቸውም፣ ሲማረክና ሲሸጥ ከኖረ ሕዝብ ስም የተወሰደ ነው። ይህን ነግሮኝ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አድርጎ፣ ቻው ብሎኝ ሄደ።

እኔ ደግሞ የምጸልይ ሰው ነኝ። ማታ ማታ «እኔ ባሪያህ» የምለው ለአንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቻውን ተውኩ። መተዉም አልከበደኝ፤ ሰፈሩ እየተራቆተ የምለውም ሰው አልነበረ።

የቀረችኝ ዘይነብ ናት። የወሎ ልጅ፣ የጎረቤት ግቢ የቤት ሠራተኛ። እስላም ሆና ጾሜን ከእኔ ይልቅ ታስታውሳለች፤ ረቡዕና ዓርብ አይብ ያልነካው ፉል በአጥር ታቀብለኛለች። አሠሪዎቿ ሸሽተው፣ እሷም ወደ አገራችን ድንበር፣ ወደ ገዳሪፍ ልትሄድ ዕቃዋን ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ጫነች። አብረን እንሂድ ብላኝ ነበር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው አልኳት።

«እንግዲህ አያ ታዬ፣ ቻው።»

«እግዚአብሔር ይከተልሽ። በሰላም ያግባሽ።»

«ቻው እኮ ነው ያልኩህ።»

«መረቅኩሽ አይደል?»

እኛ ዘንድ ቻው ሳይባል መለያየት እንደ ጠብ ነው። ባለረክሻው ያላ፣ ያላ፣ እንሂድ እያለ፣ እሷ ከተሳፈረችበት ወረደች።

«ተቀይመኸኛል። ጥዬህ ስለምሄድ ነው።»

ትርጉሙን ነገርኳት። ሳቀች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፉል ሳመላልስ እመቤት ነበርኩ? ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ አንተ ለእኔ ባሪያ ብትሆን ምናለበት?»

ጌታዬ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል፤ እኔ አንዲት ቃል ከብዳኝ ቆሜአለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቻው ካልኩ በኋላ በዚያ መንገድ አማርኛ የሚሰማ ሰው አይኖርም። ምላሴን የያዘው ይበልጡን እሱ ነው።

«ቻው ዘይነብ» አልኳት፣ ከነትርጉሙ። የቀሩትን ቻዎች ረክሻዋ ከታጠፈች በኋላ ጨረስኳቸው።

አሁን ጠዋት በሩን ስከፍት፣ እንደ ጣልያኑ፣ ቻው እላለሁ። ለሚመጣ ሰውም ይሆናል ተብሏላ። እስካሁን የመጣችው የዘይነብ አሠሪዎች ጥለዋት የሄዱት ድመት ናት። እሷም የምትሰማው አረብኛ ነው።