«እንጨት ነው» የሚሉ ሰዎች

«ምንም አይደለም፣ እንጨት ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? ደባርቅ ውስጥ የእነዚህ ሰዎች አለቃ ጎረቤቴ ጋሽ ሞላ ናቸው። ስሜን ተራራን ሊጎበኝ መጥቶ ፔንሲዮናቸው ያረፈ አንድ እንግዳ ነበር፤ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከሆፒ ወገን ነው። ሲሰናበታቸው ከእንጨት የተቀረጸ፣ ጭምብል ያጠለቀና ላባ የሰካ ምስል ሰጣቸው።

«ካቺና ይባላል» አላቸው። «ሴት ልጆቻችን ዝናብ የሚያመጡልንን መናፍስት እንዲያውቁበት እንሰጣቸዋለን። አንሰግድለትም፤ መጫወቻም አይደለም።»

እንግዳው ዘወር ሲል ጋሽ ሞላ «እንጨት ነው» አሉኝ።

እንጨት ከሆነ ታዲያ ምን ያንከራትተዋል? ሳሎን ሰቀሉት፤ ከማርያም ሥዕል ጋር ፊት ለፊት መተያየቱ ከነከናቸው። መኝታ ቤት ወሰዱት፤ ልብስ መቀየር አፈሩ። ጓዳ ከተቱት፤ ጨለማ ውስጥ መቀመጡ አሳዘናቸው።

«ይጣሉታ!» ብላቸው፣

«ምን ይለኛል?» አሉ።

«ማን?»

ወደ ጓዳው በር ሰረቅ አድርገው አዩ።

በገንኩ። «ትልቅ ሰው እንጨት ይፈራል? አምጡት!» ብዬ ይዤው ቤቴ ገባሁ። ደግሞስ እኔ ምን ቸገረኝ? ብቻ መደርደሪያው ላይ ካስቀመጥኩት ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ አቃተኝ። ለአክብሮት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ይኸው አሁን ምስሉን በቦርሳ ይዤ ዳባት ላለችው እህቴ ላደርስላት ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። እሷ እንጨት አትፈራም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣

«ልጄ፣ ቦርሳህን ከወንበሩ ሥር አድርገው እንጂ፤ እስከ ዳባት ታቅፈኸው ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አይሆንም እማማ፣ ይታፈናል!»