ሪዝ በዝረራ

(ጠባብ ፀጉር ቤት። መስታወቱ ዳር ዳሩ ወይቧል፤ ቴሌቪዥኑ ግን አዲስ ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ ያላነበበው እንጂ የማያውቀው ነገር የለም። እስከ አንገቱ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የሚስቱ ወንድም ነው፤ «እርጋታው» ይሉታል። ከአፍንጫው ስር ትልቅ ሪዝ ተንሰራፍቷል፤ እንዲህ ያለ ሪዝ አሁን አሁን ከድሮ ፎቶግራፍ ላይ ካልሆነ አይታይም። የትናንቱን ቦክስ አብረው አይተውት፣ እስካሁን አልለቀቃቸውም።)

ፕሮፌሰር፦ አሸነፈ አትበለኝ። ሮጠ በለኝ።

እርጋታው፦ ዳኛው እጁን አነሳለት እኮ።

ፕሮፌሰር፦ እጅ ማንሳትማ ጎርፍ የሚወስደውም ሰው ያነሳል።

እርጋታው፦ ለእሱ ግን አያጨበጭቡለትም።

ፕሮፌሰር፦ (መቀሱን አየር ላይ እያንቀጫቀጨ) ስማኝ። ሰውየው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እየመራ ነው። ያኛው ጉልበቱ ተብረክርኳል፣ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። አንዴ ቢያቀምሰው ይዘረራል። ምን አደረገ? የመጨረሻውን ዙር ገመዱን እየታከከ ዞረ፤ ሰርግ ቤት መቀመጫ እንዳጣ ሰው።

እርጋታው፦ ሰንዝሮ ቢስተውስ?

ፕሮፌሰር፦ ይደግመዋላ።

እርጋታው፦ ሲደግም ያኛው ቢያቀምሰውስ?

ፕሮፌሰር፦ ዓይኑ ተደፍኗል አልኩህ።

እርጋታው፦ እጁም ተደፍኗል?

(ፕሮፌሰር መቀሱን በጨርቁ ጫፍ ይጠርጋል።)

ፕሮፌሰር፦ ሕዝቡ ዝረራ ሊያይ ነው የመጣው። ደም ሊያይ።

እርጋታው፦ ደምማ ክሊኒክ ወረፋ ይዤም አያለሁ። ምናልባት ልጁ አሳዝኖት ይሆናል። እናት ይኖረዋል።

ፕሮፌሰር፦ ማዘን ካማረው ነርስ ይሁን። አንተ አልገባህም። እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል።

እርጋታው፦ በትሩ ምን አጠፋ?

ፕሮፌሰር፦ ተረት ነው ሰውዬ።

እርጋታው፦ ገባኝ። ግን ነገ ሌላ እባብ ቢመጣ በምን ሊመታው ነው?

ፕሮፌሰር፦ (ወደ መስታወቱ) እህቱን አግብቼ ይሄ ተመረቀልኝ። (ወደ እርጋታው) እሺ፣ ዛሬስ? ሴትየዋም ቤት ሄደህ እንዲሁ ልትዞር ነው?

እርጋታው፦ ሻይ ጠጣ ብላ ጠርታኛለች። ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ፕሮፌሰር፦ ጠጥቶ ይመለሳል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ለደህና ሰው እንኳ ጥርሷን የማታሳይ ሴት፣ ቤቷ ድረስ ጠርታው ጠጥቶ ይመለሳል። እየመራህ ነው እኮ። ገና ከበሩ ስትገባ «አግቢኝ» ብለህ ዘርራት።

እርጋታው፦ ደም ግፊት አለባት።

ፕሮፌሰር፦ በቃል ነው ያልኩህ፣ በቃል።

እርጋታው፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል።

ፕሮፌሰር፦ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ሌላ ሰው ጠብሶ ይበላዋል።

እርጋታው፦ እኔ ማንንም መዘረር አልፈልግም። ሚስቴ ካረፈች ጀምሮ ማታ ማታ የማጥበው አንድ ብርጭቆ ነው። ሁለት ባጥብ ይበቃኛል።

(ፕሮፌሰር ጨርቁ ላይ የወደቀውን ፀጉር ያራግፋል። እጁ ሥራ ይፈልጋል።)

ፕሮፌሰር፦ ፀጉሩ አልቋል። ሪዙን ጫፍ ጫፉን ልንካው።

እርጋታው፦ ሪዙንስ ተወው።

ፕሮፌሰር፦ በግራ በኩል ተንጨባርሯል።

እርጋታው፦ እትዬን ታውቃታለህ። ከአባታችን የቀረን መልክ ይሄ ሪዝ ብቻ ነው፣ የነካው ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው ብላ ምላለች። ደግሞ ሪዝ እጅ ይፈልጋል። አንተ የሚያምርብህ ፀጉር መቁረጡ ነው ይላሉ።

ፕሮፌሰር፦ ማነው የሚለው?

እርጋታው፦ ሰው ነዋ።

ፕሮፌሰር፦ ቀና በል።

እርጋታው፦ ተወው ብዬሃለሁ።

ፕሮፌሰር፦ ቀና በል አልኩህ። ከግራ ትንሽ... ይኸው። አሁን ቀኙ በለጠ። ከቀኝ ትንሽ...

እርጋታው፦ በቃ፣ እኩል ሆኗል። በነጥብ አሸንፈሃል።

ፕሮፌሰር፦ እኔ በነጥብ አላሸንፍም። አትሳቅ፣ ስትስቅ ግራው ያጥራል።

እርጋታው፦ አልሳቅኩም። አሳጥረኸው ነው።

ፕሮፌሰር፦ ስታወራም ያጥራል።

(ከቀኝ፣ ከግራ፣ እንደገና ከቀኝ። ያ ሁሉ ሪዝ መጀመሪያ የጥርስ ብሩሽ አከለ፤ ከዚያ ቅንድብ፤ ከዚያ ከአፍንጫ ስር አረፍ ያለች ዝንብ።)

እርጋታው፦ አሁን ምን እመስላለሁ?

ፕሮፌሰር፦ (ራቅ ብሎ አየው) ዝም በል።

እርጋታው፦ እንዲህ ሆኜማ ሰው ቤት አልገባም።

ፕሮፌሰር፦ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አልቀመጥም። (ምላጩን አንስቶ ዝንቧን ያነሳታል።) ዝረራ ማለት ይሄ ነው። ንጹሕ።

(ሁለቱም መስታወቱን ያያሉ። እዚያ ውስጥ የማያውቁት ሰው ተቀምጧል። የላይኛው ከንፈሩ ፀሐይ ነክቶት አያውቅም።)

ፕሮፌሰር፦ (ድምፁ ወርዶ) ወንድሜ... እህትህ ምን ትለኛለች?

እርጋታው፦ እሱን አንተ ታውቃለህ።

ፕሮፌሰር፦ ራሴ ነኝ ቁረጠው ያልኩት በላት። በሞቴ።

እርጋታው፦ በሩ ክፍት ነው እኮ። ደጅ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ተወው ስልህ ሰምተዋል።

ፕሮፌሰር፦ እሺ ሴትየዋስ? እንዲህ ሆነህ ስታይህ በሩን ብትዘጋብህ? ለዛሬ ብትቀር ነው የሚሻለው። ታምሟል እንበላት።

እርጋታው፦ (ጨርቁን ከአንገቱ እየፈታ) አትዘጋውም። ትናንት ጠይቄያት እሺ ብላኛለች።

ፕሮፌሰር፦ ማን?

እርጋታው፦ ሴትየዋ። የሳል ሽሮፕ ልገዛ ገብቼ ገበያተኛው እስኪወጣ ጠበቅሁና ነገርኳት።

ፕሮፌሰር፦ አንተ?

እርጋታው፦ ሽሮፑን ጠቅልላ ስትጨርስ እሺ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

ፕሮፌሰር፦ ምን ብላ?

እርጋታው፦ «ከዚያ ሪዝ ኋላ ያለውን ሰው አይቼው አላውቅም፤ ላገባው ነውና ልየው» አለች። መቆረጡስ ባልከፋኝ፣ እትዬ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ ብዬ ስጨነቅ ነው ያደርኩት።

(ፕሮፌሰር እጁ ላይ ያለውን ምላጭ ያያል።)

ፕሮፌሰር፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ተወው፣ ተወው ስትለኝ የነበረው?

እርጋታው፦ (ኮቱን እየለበሰ) ቁረጠው ብልህማ ሪዝ የወንድ ልጅ ክብሩ ነው ብለህ እስኪመሽ ስታስተምረኝ ትውል ነበር።

(ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ የፕሮፌሰር ሚስት ስሙን ትጠራለች፤ ማዕረጉን ሳይሆን እናቱ ያወጣችለትን። ፕሮፌሰር በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉ ላይ የተበተነውን ሪዝ በጣቶቹ መልቀም ይጀምራል።)