መታወቂያዬን ለጌም አስይዤ

የሰው ልጅ መምረጥ የሚችል ይመስለዋል። ቲማቲም ሲገዛ አንድ በአንድ እየጨመቀ ነጋዴዋን ያስመርራል፣ ሚስት ሲያገባ እስከ ሰባት ቤት ዘር ያስቆጥራል፣ ቤት ሲከራይ ጣሪያውን በዱላ ያንኳኳል። ቆይቶ የሚጎዳው ግን ባላንኳኳው በኩል ነው። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ይመስላችኋል? በሬማ ተረት አይሰማም። ለእኛ ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለልኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ እስከ ዛሬም ዳዊቴን ሳልደግም ከቤት አልወጣም። እንጀራዬ ቃሊቲ ካለ አንድ ፋብሪካ ነው፤ ማሽን ዘይት አጠጣለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ከጌም ኪራይ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደናንተው ነበር የምለው፣ የሚስቴ እግር እስኪሰበር ድረስ።

የአቃቂን ጥቁር አፈር በነሐሴ የረገጠ ያውቀዋል። አንዱን እግር ሲነቅሉ ሌላው ይሰምጣል፤ ሁለቱን ሲነቅሉ ጫማው ይቀራል። ባለቤቴ አስካለ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ጫማዬን አላስቀርም ብላ ስትታገል እግሯን አስቀረች። ሐኪም ቤት ጄሶ አደረጉላትና ሁለት ወር ንቅንቅ እንዳትይ አሏት። አስካለን ንቅንቅ እንዳትይ ማለት የአቃቂን ወንዝ ባለህበት ቁም እንደ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ወርዳ በቂጧ እየተንፏቀቀች ቤት ስትጠርግ ደረስኩባት።

ወንድሟ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሊጠይቃት ሲመጣ ሰው ብርቱካን በሚያመጣበት አገር እሱ አሮጌ የጌም ማሽን ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካላትና ጆይስቲኩን እጇ ላይ አኖረላት። ውስጡ የመኪና እሽቅድድም ያለበት አንድ ሲዲ ነበረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚስቴ ከአልጋ ወርዳ አታውቅም። እኔም «የምክንያት አምላክ ተመስገን» አልኩ። በሳምንቱ ግን «ጨረስኩት» አለችኝ። ምኑ ነው ደግሞ የሚያልቀው? በርበሬ ነው? ሌላ ሲዲ ካልመጣ ተንፏቅቄ መጥረጊያዬን አነሳለሁ ብላ አስፈራራችኝ።

እንግዲህ መምረጥ የግድ ሆነ። ሲዲ እየገዙ መዝለቅ የሚቻል አይደለም፤ የሚያከራዩ ሱቆች ግን አሉ። በወር አንዴ ከፍለው ደንበኛ ይሆናሉ፣ አንድ ሲዲ ይወስዳሉ፣ ሲጠግቡት መልሰው ሌላ ይቀበላሉ። ከኛ አካባቢ ሁለት አገኘሁ።

የመጀመሪያው እዚሁ ሰፈራችን ያለው የጀማል ነው። ጀማል የስልጤ ልጅ ነው፤ ሱቁ ንጹሕ፣ አንደበቱ ጣፋጭ። «ጋሽ ታደሰ፣ ለእርስዎ ምን ገዶኝ፣ ዋስ ብቻ ያምጡልኝ» አለኝ። ምን ዓይነት ዋስ ብለው፣ የራሱ ቤት ያለው ሰው አለኝ። እኔ የማውቀው የራሱ ቤት ያለው ሰው አከራዬ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለጌም ዋስ ሁነኝ ቢሉት፣ «ለጌም የሚተርፍ ካለህማ» ብሎ ኪራይ የሚጨምር ፍጡር ነው።

ሁለተኛው ሳሪስ ያለው የሳህሌ ነው። ሳህሌ የጉራጌ ልጅ፣ ሳቂታ፣ ወፈር ያለ። ዋስ አያሻውም፤ የቀበሌ መታወቂያ መያዣ ይበቃዋል። በዚያ ላይ መመላለስ የለም። የፋብሪካችን ሰርቪስ ጠዋት ጠዋት የሚነሣው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። ሲዲውን በፖስታ አሽጎ፣ ስሜን ጽፎ ለሾፌራችን ይሰጠዋል፤ ሾፌራችን ሥራ ቦታ ያቀብለኛል፤ ያለቀውን ማታ ይመልስለታል። «ፖስታ ቤት በሉኝ፣ ጋሼ» አለኝ ሳህሌ ደረቱን ነፍቶ።

ኪራዩን አነጻጸርኩ፤ ያው ነው። የሲዲውን ብዛት አየሁ፤ ያው ነው። ከሳህሌ ግድግዳ ላይ መስቀልና የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሎ ሳይ ልቤ ወደዚያ አደላ። አስተዋይ ነኝ ባይ አይደለሁ? ሁሉን መዝኜ፣ ጸልዬ መታወቂያዬን አስረክቤ ወጣሁ። ሳሩን አየሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የሞጆ መንገድ ሆነ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ «አቤቱ፣ የሚያስጨንቁኝ ምንኛ በዙ» ስል፣ አስካለ ከአልጋዋ ላይ «ቅደመው! ጠርዝ አስይዘው! አንተ ደንባራ!» ትላለች። ማንን እንደምትለው ለማወቅ ስንት ቀን ዞር ብያለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቃት መጥቶ መሪ ይዞ ይሄዳል።

የደመራ ዋዜማ ሾፌራችን እንደ ልማዱ ፖስታ ሰጠኝ። እንደ ልማዱ ብልም ጥቂት ወፈር ያለ ነበር፤ የሲዲው መያዣ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በመንገዴ አሰብኩ። ነገ ደመራ ነው፣ ከነገ ወዲያ መስቀል። በዓሉን እንኳ ያለ ሞተር ጩኸት ብውል ምን አለበት? ቤት ስገባ አስካለ እጇን ዘረጋች። «ዛሬ አልመጣም» አልኳት። ፖስታውን ከመደርደሪያው ላይ ከዳዊቴ ሥር ሸጎጥኩት። ትንሽ ውሸት ናት፤ በዓሉ ሲያልፍ እሰጣታለሁ አልኩ።

በዓሉ ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር መጣ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ ስሜ ጋዜጣ ላይ ተገኘ! አሥራ ስድስት ዓመት በሰው ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት ፈቃድ የጠየቅሁ ሰው፣ የራሴ ግድግዳ ሊኖረኝ ነው። አስካለ በጄሶዋ አልጋውን እየደበደበች እልል አለች። እኔ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ማስታወቂያው እስከ ዓርብ ቅረቡ፣ የቀበሌ መታወቂያ ዋናውን ያዙ፣ ያልቀረበ ዕጣው ለተጠባባቂ ያልፋል ይላል። ቀኑ ሰኞ ነው።

መታወቂያ? ኪሴን ዳበስኩ። መታወቂያዬ ሳህሌ ጋ ነው።

ሳሪስ በረርኩ። የሳህሌ ሱቅ በሁለት ቁልፍ ተከርችሟል። አጠገቡ ሻይ የምታፈላውን ሴትዮ ጠየቅኋት። «ለመስቀል አገሩ ገባ እንጂ!» አለችኝ፣ የት ኖረህ ነው በሚል ዓይን። መቼ ይመጣል ብላት፣ «ክትፎው ሲያልቅ» አለችኝ። በስልኩ ደወልኩ። ያቺ ድምጿ ያማረ ልጅ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም አለችኝ። ደንበኛውስ እኔ ነበርኩ፤ እኔም የምገኝበት ጠፍቶኛል።

መቼም ጉራጌ ለመስቀል አገሩ እንደሚገባ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? በየዓመቱ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ስኳር ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር የምንዞር ሰዎች አይደለንም? ያንን ሁሉ ስመዝን ይኼ አንድ ነገር እንዴት አልታየኝም! በጀማል በር ሳልፍ ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ እኔ ጋ ቢሆኑ ኖሮ እኮ ይኼ አይደርስብዎም፤ እኔ የምዘጋው ለአረፋ ነው» አለኝ። ማጽናናቱ ነው።

ማክሰኞ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ምትክ መታወቂያ ለማውጣት የመጥፋቱን ማስረጃ ከፖሊስ አምጣ አለችኝ። አልጠፋም አልኳት። የት ነው ታዲያ አለችኝ። ጌም ቤት መያዣ ነው አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አባቴ፣ እርስዎ ነዎት ጌም የሚጫወቱት?» ሚስቴ ናት አልኳት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ምን ያደርቅሃል፣ ጠፋ በላቸውና ተገላገል» አለኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዳዊት የሚደግም አፍ ለመታወቂያ ብሎ አይዋሽም አልኩት። እንዴት ኮርቼ እንደተናገርኩ! ከዳዊቱ ሥር ምን እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ረቡዕ ተሳልኩ። «አቦዬ፣ እስከ ዓርብ መታወቂያዬን ካገናኘኸኝ፣ ያንን የጌም ማሽን ለጥቅምት አምስት ይዤልህ እመጣለሁ» አልኩ። የሰው ዕቃ መሳል ቀላል ነው፤ አፍ አያደናቅፍም። ከስለቱ በኋላማ ከጌም ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ አስጠላኝ። ጠዋት ዳዊቴን ሳነሣ ያችን ፖስታ በዓይኔ ጠርዝ አያታለሁ፤ እርጉም ብዬ መጽሐፉን መልሼ እጭንባታለሁ።

ሐሙስ ሊነጋ ሲል ቆረጥኩ። ሳህሌን አገሩ ድረስ ሄጄ እፈልገዋለሁ። አገሩን ስጠይቅ ግን ሻይ አፍዪዋ ቸሃ ነው ብላኛለች፣ ሾፌራችን እዣ ነው ብሎኛል፣ አንድ ሊስትሮ ደግሞ ሰባት ቤት ጉራጌ ነው፣ እዚያ ይጠይቁ ብሎኛል። አንድ ቤት እንዳላጣ ሰባት ቤት ልዞር ማለት ነው። ዳቦ ቋጥሬ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ የመጨረሻ ጸሎቴን ላደርስ ዳዊቴን አነሣሁ።

የተገለጠልኝ ቃል የትኛው እንደነበር አልነግራችሁም፤ ስለ ሐሰተኛ አንደበት የሚል ነበር ብላችሁ ግን አትሳሳቱም። ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ አይታወቅም፤ ቂም አስቀምጦ፣ ውሸት ሸጉጦ አይወጣም። ፖስታውን አነሣሁና አልጋዋ አጠገብ ሄጄ፣ «አስካለ፣ ማሪኝ፤ ያን ዕለት መጥቶ ነበር፣ ደብቄሽ ነው» አልኳት።

ፖስታውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ዐሥር ቀን ጥቁር ቴሌቪዥን ላይ ሳፈጥ?» አለች። «አንተ ጻድቅ! አንተ ዳዊት ደጋሚ!» እያለች ፖስታውን በጥርሷ ቀደደችው። ሲዲው ጭኗ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ አንዲት ሰማያዊ ካርድ ተከተለች፤ ከላይዋ የሠላሳ ዓመት ሰውዬ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። እኔ ነኝ! ከሥሯ ደግሞ የተጣጠፈች ወረቀት፦

«ጋሽ ታደሰ፣ ለመስቀል አገር ቤት መግባቴ ነው። ሱቅ ዘግቶ የሰው መታወቂያ ቆልፎ መሄድ ደስ አላለኝም፣ ምናልባት ቢፈልጉት። እርስዎን አምናለሁ፤ ሲዲውን ስመለስ ያመጡልኛል። እንኳን አደረሰዎ።»

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ። በየማለዳው «መታወቂያዬን አገናኘኝ» እያልኩ የጸለይኩት መታወቂያው ላይ በተጫነ መጽሐፍ ነበር። ጌታ ስንት ጊዜ አንሣው ብሎኛል፣ እኔ ስንት ጊዜ መልሼ ጭኜበታለሁ! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔዋ ግን እያደር ቤት የሚያህል ከብዳ ነበር። ከጄሶዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አስካለም እንባዬን በጋቢዬ ጫፍ ጠርጋልኝ፣ «በል አሁን ሩጥ» አለችኝ፤ ሲዲውን እያስገባች።

ሮጥኩ። ሐሙስ ከቀትር በፊት ፈረምኩ፤ ከጥድፊያው የተነሣ ፊርማዬ የራሴን ሳይሆን የዶሮ ጭረት መስላለች። ስወጣ ሰማዩ ሰፍቶ፣ የሳሪስ ጭስ እንኳ ሽታው ጣፈጠኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያልተነፈስኩትን ያን ዕለት ተነፈስኩ።

የቀረው ስለቱ ነው። አስካለ ስትሰማ፣ «የኔን ማሽን ማን ተሳልልኝ አለህ? የራስህን ሬዲዮ አትሳልም ነበር?» አለች። ስለት ስለት ነው፤ ጥቅምት አምስት ቀን ከጃንጥላውና ከምንጣፉ ጋር አስገባሁት። ከቅዳሴ በኋላ የስለት ዕቃ ጨረታ ሆነ። አጫራቹ ምን ብሎ እንደሚጠራው ቸግሮት ቆየና፣ «ይኸ… የሚሰካ ዕቃ፣ ከነገመዱ!» ብሎ አነሣው። ከሕዝቡ መካከል ከአገሩ የተመለሰው ሳህሌ ዋጋ ጠራ። ወዲያው ከሴቶች በኩል አንድ ክራንች ወደ ሰማይ ተነሣ። አስካለ ናት፣ በባጃጅ ተከትላኝ መጥታ። ሳህሌ ክራንቹን አየ፣ ጄሶውን አየ፣ እጁን አወረደ። ያስገባሁትን ማሽን ተሸክሜ ወጣሁ። የንስሐ አባቴን ኃጢአት ይሆንብኝ እንደሆን ብጠይቃቸው፣ «አንተ ሰጥተሃል፣ እርሷ ገዝታለች፤ ምን ጥልቅ አደረገህ?» አሉኝ።

አስካለ ከሳህሌ አልለይም አለች፤ እንዲህ ያለ ታማኝ የት ይገኛል? ነገር ግን ለመስቀል ያለ ጌም የምውልበት ዓመት ይብቃ ብላ በክራንቿ እያዘገመች ጀማል ዘንድ ወሰደችኝ፤ ተጨማሪ ደንበኝነት። ጀማል እንደ ድሮው በትሕትና የራሱ ቤት ያለው ዋስ ጠየቀ። ሚስቴ ክራንቿን ወደ እኔ ቀስራ፣ «ይኸውልህ ባለ ቤቱ!» አለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቁመቴ የረዘመበት ቀን የለም።

ጀማል ማሻአላህ ብሎ መረቀን፣ ስሜን ጻፈ፣ ከዚያም እጁን ዘረጋ። «እንግዲህ ጋሽ ታደሰ፣ ዋስም ቢሆን መታወቂያውን ይተዋል፤ የሱቁ ደንብ ነው።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ያችን ሰማያዊ ካርድ ጭብጥ አደረግኋትና፣

«ጀማል ወንድሜ፣» አልኩት፣ «ዘንድሮ አረፋ መቼ ነው?»