የጋሽ ኃይለማርያም የቅቤ ምርመራ

አስተናጋጅ የሚመረምር ሰው የሌለበት ምግብ ቤት በዓለም ላይ የለም። ውጭ አገር፣ ስካርቦሮ ውስጥ የማዘወትራት የደቡብ ህንድ ምግብ ቤት ደግሞ የመርማሪዎቹን ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ መርማርያን ጋሽ ኃይለማርያምን ይዛለች።

እኔ እዚያ የምሄደው ለጥናት ነው። ከቤት ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ የማየው ስክሪን ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሰው ድምፅ ያምረኛል። ሥጋ የማይገባበት ቤት ስለሆነም ሐላል ነው አይደለም ብዬ አልጨነቅም። እየበላሁ በደብተሬ እመዘግባለሁ፦ ከታሚል ናዱ በእንፋሎት የሚበስለው ኢድሊ፣ ከኬረላ መሀሉ ወፍሮ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የሚሳሳው አፓም፣ ከአንድራ በአረንጓዴ ማሾ የሚጋገረው ፔሳራቱ። ደብተሬን እስካሁን አሳየኝ ያለ ሰው የለም።

ረመዳን ወጥቶ ሁዳዴ ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። በሩ ላይ «ቬጂቴርያን» የሚለውን አይተው የጾም መስሏቸዋል። እንደ እንጀራ ስስ ሆኖ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገረው ዶሳ፣ ክንድ አክሎ ተጠቅልሎ መጣላቸው። ቆረሱ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ መለሱት።

«ልጄ፣ ይሄ በተር አለው።»

«በተር የለውም ሰር» አለች አስተናጋጇ ሜናካ። «ጊ ነው።»

ማስረዳት የሚቻልበትን አጋጣሚ አላልፍም። «ጋሼ፣ ጊ ማለት ቅቤው ይቀልጥና፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ...»

«ንጥር ቅቤ ነው በለኛ! ስላነጠሩት ከዛፍ የወረደ መሰላት?» ወደኔ ዞሩ። «ደግሞ አንተ፣ ሐበሻ ሆነህ ሳዝዝ ዝም ብለህ ታየኛለህ? ስምህ ማነው?»

«ዙበይር።»

ሜኑውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እዚህ ቤት ሥጋ የለም?»

«ጭራሽ የለም።»

«እሰይ! እንግዲያው አብረን እንበላለን» ብለው ወንበራቸውን ጎትተው መጡ። አገር ቤት የሚለያየን የአራጁ ቢላ ነበር፤ ምስርና ኮኮናት ግን ማንንም አይለያዩም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ችሎት ተሰየመ። የምስር ወጡ ሳምባር መጣ፤ «ቅቤ የለውም?» የኮኮናት ማባያው ቹትኒ መጣ፤ «ቅቤ የለውም?» እርጎ የገባበት ሩዝ በስህተት የቀረበ ዕለትማ ወጥ ቤቱ ራሱ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ። በመጨረሻ ሜናካ ውሃ ስትቀዳላቸው እንኳ ቀድማ «ቅቤ የለውም ሰር» ማለት ጀመረች። እኔ ስለ ሊጡ አቦካክ ማስረዳት ስጀምር፣ «ጥሩ፣ ጥሩ፣ እስኪ አፍህን ክፈት» ይሉና በጉርሻ ያስቆሙኛል። ንግግሬን የሚያቋርጥ ሰው አልወድም። በዚህ ግን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ምድጃዬ ሰዓት ማያ ብቻ ሆኗል።» ወዲያው ደግሞ ፈገግ አሉ። «ግን ፋሲካ ይድረስ! ኃምሳ ቀን ሙሉ ዳንፎርዝ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ክትፎ በክትፎ!»

ለአንድ ሙስሊም ያልተለመደ ነገር ነው፤ የፋሲካ መድረስ አስጨነቀኝ። ስልካቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ምን ብዬ? ጾሙ ሲፈታም ይምጡ ልላቸው ነው?

ፋሲካ ሆነ። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ፔሳራቱ ብቻዬን አዘዝኩ። ለሜናካ ስለ ማሾ ማስረዳት ስጀምር፣ «አውቃለሁ፤ እናቴ ትሠራዋለች» ብላኝ ሄደች። ሐሙስም ሄድኩ። ዓርብም። በሳምንቱ ደብተሬን ቤት ተውኩት።

ማክሰኞ ዕለት በሩ ተከፈተ። ካፖርቱ የለም፤ ሰውየው ግን እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ! ፍስክ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ክትፎውስ?»

«በላሁ።» ወንበራቸውን ወደኔ ጎተቱ። «ጥሩ ነው። ግን የሚያጎርሱት ሰው አብሮት አይመጣም።»

ሜናካ ዶሳውን ይዛ ደረሰች። «ቅቤ የለውም ሰር!»

«የለውም? ምን በደልኩሽ ልጄ? አድርጊበት እንጂ!»

ዶሳው ተመልሶ ሄዶ እያብረቀረቀ መጣ። ዕድሌን አገኘሁ። «ጊ ማለት፣ ጋሼ፣ ቅቤው መጀመሪያ ይቀልጥና...»

የቀረውን አልተናገርኩም፤ አፌ ሞልቶ ነበር።